ዕውቀት ለጉባኤ፥ ምሥጢር ለባለቤቱ

በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች ሊቋቋም ስለሚገባው የቴክኖሎጂ ጉባኤ የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በእያንዳንዳችን ኪስና ቦርሳ ውስጥ ያለውን የስልክ መሣሪያ የሚመለከት ነው፤ ይሁን እንጂ የተነሣሁት የመሣሪያውን አሠራር ለመዘርዘር ሳይሆን፥ መሣሪያው በመካከላችን ያቆመውን አንድ ታላቅ ጥያቄ ከእናንተ ጋር ለመመርመር ነው። ጥያቄውም፥ ሰው ከሚያውቀውና ከሚኖረው ሁሉ ለሌላው ሊገለጥ የሚገባው የቱ ነው፥ በባለቤቱ ዘንድ ተጠብቆ ሊቀር የሚገባውስ የቱ ነው? የሚል ነው።

አሳቤን አስቀድሜ ላስታውቅ። ዕውቀት የጉባኤ ነው፤ የሰው የግል ሕይወት ግን የባለቤቱ ነው። ዕውቀት በተካፈሉት መጠን ይበዛል እንጂ አይጎድልም፤ የሰው ገመና ግን አንድ ጊዜ ከተበተነ በኋላ ንጉሥም ሆነ ዳኛ ሊሰበስበው አይችልም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ መባሉም ስለዚህ ነው። የዘመናችን ፈተና የሚመጣው ይህ ሥርዐት በተገለበጠ ጊዜ፥ ይኸውም ዕውቀቱ በጥቂቶች ዘንድ ተሰውሮ፥ የብዙኃኑ ኑሮ ግን ለማንም ዓይን በተገለጠ ጊዜ ነው። ይህን የተገለበጠ ነገር ወደ ሥርዐቱ የሚመልሰው፥ ሕግ ብቻውን አይደለም፥ መሣሪያም ብቻውን አይደለም፤ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ የሚማር፥ ተሰብስቦም የሚጠይቅ ሕዝብ ነው።

የወለጋ ቅርስ

ተሰብስቦ መመካከር ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ከነቀምቴ ተነሥቶ ወደ ሆሮ ጉዱሩ ምድር ለሚወጣ መንገደኛ፥ ከታላላቆቹ የኦሮሞ የጉባኤ ስፍራዎች አንዱ የሆነው ኦዳ ቡሉቅ በዚያ ይገኛል። በእንዲህ ያሉ የኦዳ ዛፎች ጥላ ሥር ሕግ የሚታወጀው በሸንጎ ፊት፥ ሽማግሌውም ወጣቱም እየሰማ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ይህ የኦሮሞ የገዳ ሥርዐት በዩኔስኮ መዝገብ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲጻፍ፥ ዓለም ያከበረው የሕጉን ይዘት ብቻ ሳይሆን፥ ሕጉ በግልጽ የሚነገርበትን የጉባኤውን ልማድ ጭምር ነው።

ነቀምቴ ደግሞ በዚሁ ረገድ ሌላ ታላቅ ታሪክ አላት። አባ ገመቺስ በመባልም የሚታወቁት አናሲሞስ ነሲብ በሕፃንነታቸው ከኢሉባቦር ምድር ተሰርቀው፥ በባርነት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ቆይተው፥ እ.ኤ.አ. በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጡ፤ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተውም ፊደል ከቆጠሩ በኋላ እስከ ስዊድን አገር ድረስ ተሻግረው ተማሩ። ከእርሳቸው ጋር የደከሙት አስቴር ጋኖም እንደ እርሳቸው ከባርነት ነጻ የወጡ፥ ገና በወጣትነታቸው ልዩ የቋንቋ ተሰጥዎ የታየባቸው ሴት ነበሩ። እኒህ ሴት ከሕዝባቸው አፍ የሰሙትን እንቆቅልሽ፥ ተረት፥ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን አምስት መቶ ያህል ከትዝታቸው እያወጡ ጻፉ፤ ከዚህም ብዙው እ.ኤ.አ. በ1894 በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በታተመው የአፋን ኦሮሞ የጀማሪዎች ንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የአፋን ኦሮሞው አዲስ ኪዳን በዚያው በእምኩሉ፥ እ.ኤ.አ. በ1899 ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በስዊስ አገር፥ በሳንክት ክሪሾና፥ በግዕዝ ፊደል ታትሞ ወጣ።

እ.ኤ.አ. በ1904 አናሲሞስና ባልደረቦቻቸው ወደ ነቀምቴ በመጡ ጊዜ፥ የቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ የነበረው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው፤ ትምህርቱም ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይሰጥ ጀመር። ሕዝቡ በቋንቋው ሲሰማ ግን ዕውቀት ቀድሞ ከነበረበት አጥር ወጣና ክርክር አስነሣ፤ አናሲሞስም ተከስሰው ለዓመታት ከማስተማር ተከለከሉ፥ እ.ኤ.አ. በ1916 ልጅ ኢያሱ እስኪፈቅዱላቸውም ድረስ በትዕግሥት ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1931 ያረፉት በዚችው በነቀምቴ ነው።

ከዚህ ታሪክ ልናነሣው የሚገባን ትምህርት ይህ ነው። በአንዲት ሴት ትዝታ ውስጥ ተበትኖ የነበረው እንቆቅልሽና ተረት በወረቀት ላይ ሰፍሮ በጉባኤ ሲነበብ፥ የማንም የግል ሀብት ሳይሆን የሁሉ ሆነ። ዛሬ ወጣቶቻችን ክፍት ባህል ብለው የሚጠሩት አሳብ፥ ማለትም ዕውቀትና ጥበብ ማንም እንዲያነብበው፥ እንዲገለብጠውና እንዲያሻሽለው ሆኖ ይቀመጥ የሚለው አሳብ፥ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ትምህርት መስሎ ከታያቸው፥ አስቴር ጋኖን ያስታውሱ። በአገራችን የቅጂ መብት ሕግ፥ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደ ተደነገገው፥ የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ሃምሳ ዓመት ይጠበቃል፤ አስቴር ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ሆነ፥ ያ የንባብ መጽሐፍ ዛሬ በማንኛውም የነቀምቴ ተማሪ እጅ በኮምፒዩተር ተጽፎ፥ በቁቤም በግዕዝ ፊደልም ተዘጋጅቶ ለሕዝብ ሊሰጥ የሚችል የጋራ ርስት ነው። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚዘጋጅ ውክፔዲያ አለ፤ በውስጡም ጽሑፍ ለማስገባት ከማንም ፈቃድ አይጠየቅበትም። የጊምቢ፥ የነጆ፥ የመንዲ፥ የደምቢ ዶሎና የሻምቡ ታሪክ በዚያ መዝገብ በሚገባ ይጻፍ ዘንድ፥ ጸሐፊው ከሩቅ እስኪመጣ ልንጠብቅ አይገባንም።

የተገለጠ መሣሪያ፥ የተሰወረ ቁልፍ

ወደ መሣሪያው ነገር ልለፍ። ብዙ ሰው፥ ምሥጢርን የሚጠብቅ መሣሪያ አሠራሩ ራሱ ምሥጢር ሊሆን ይገባዋል ብሎ ያስባል፤ የዚህ ጥበብ ሊቃውንት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያስተምሩ የኖሩት ተቃራኒውን ነው። በኔዘርላንድ ተወልዶ በፈረንሳይ አገር ያስተምር የነበረው የቋንቋ ሊቅ ኦጉስት ከርክሆፍስ፥ እ.ኤ.አ. በ1883 ስለ ጦር ሠራዊት የምሥጢር ጽሕፈት ባሳተመው ጥናት፥ አንድ የምሥጢር አጻጻፍ ዘዴ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ጉዳት ሊያመጣ አይገባውም፥ ተሰውሮ ሊጠበቅ የሚገባው ቁልፉ ብቻ ነው ሲል ደነገገ። ነገሩን በቤታችን ባለው ብንመለከተው፥ የሣጥን ቁልፍ እንዴት እንደሚሠራ ቀጥቃጩ ሁሉ ያውቀዋል፤ መክፈቻው ግን በእመቤቲቱ መቀነት ጫፍ ተቋጥሮ ያድራል፤ ሣጥኑንም የሚጠብቀው የቀጥቃጩ አለማወቅ ሳይሆን የመክፈቻው መቋጠር ነው።

ከዚህ መሠረታዊ ሕግ ሁለት ነገር ይከተላል። የመጀመሪያው፥ አሠራሩ ለሁሉ የተገለጠ መሣሪያ ጉድለቱን ብዙ ዓይን ስለሚያየው ቶሎ ይታረማል ማለት ነው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983፥ ማንም ሊመረምረውና ሊያሻሽለው የሚችል የኮምፒዩተር ሥርዐት ለመሥራት ጥሪ ባደረገ ጊዜ፥ ብዙዎች ከንቱ ምኞት አድርገው ቈጥረውት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የፊንላንዱ ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ የተባለውን የሥርዐቱን ልብ ጽፎ ለዓለም ከሰጠ በኋላ ግን፥ ይህ የብዙ ሰዎች የበጎ ፈቃድ ሥራ እየሰፋ ሄዶ፥ ዛሬ አንድሮይድ የሚባለው ስልክ ሁሉ የሚቆመው በዚሁ በሊኑክስ ላይ ነው። በነቀምቴ ገበያ ከሚሸጡት ዘመናዊ ስልኮች አብዛኞቹ፥ ገዢውም ሻጩም ሳያውቁት፥ በነጻ የተሰጠ የጋራ ዕውቀት ፍሬ ናቸው።

ሁለተኛው፥ መሣሪያው በተገለጠ መጠን የሰው መክፈቻ የበለጠ ሊጠበቅ ይገባዋል ማለት ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ በየከተማው ሰው የሚሰለፍለትን ፋይዳን ተመልከቱ። ይህ መታወቂያ የተገነባው በህንድ አገር፥ በባንጋሎር ከተማ፥ በአንድ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም በተጀመረው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ምንጭ ፕሮግራም ላይ ነው፤ የአሠራሩን ጽሑፍ ማንም ሰው ሊያነበው ይችላል። በዚሁ ሥርዐት ውስጥ የሚገባው የአሥሩ ጣት አሻራ፥ የሁለቱ ዓይን ምስልና የፊት ፎቶግራፍ ግን ከባለቤቱ ፈቃድና ከሕግ ውጭ ማንም ሊያየው የማይገባ ነው፤ ይልቁንም የተሰረቀ የይለፍ ቃል በሌላ ሲተካ፥ የተሰረቀ አሻራ ግን በሌላ ጣት አይተካምና። መሣሪያው ለሁሉ ይገለጥ፥ ሰው ይጠበቅ የምለውም ለዚህ ነው።

የሰው ምሥጢር ክብር

የሰውን ምሥጢር መጠበቅ ከፈረንጅ የተማርነው ነገር ነው የሚል ካለ ታሪካችንን በሚገባ አላነበበም። በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ንስሐ የሚገባ ሰው ለአበ ነፍሱ የተናገረው ቃል በካህኑ ልብ ውስጥ ታትሞ እንዲቀር የታዘዘ ነው። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የቆመው የአገራችን የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥትም፥ በሕግ ከተወሰነው በቀር የኢትዮጵያ ተወላጅ የሚጻጻፈውን ደብዳቤ ምሥጢር ማንም እንዳይደፍር ደንግጎ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ክብር ሲያጸና፥ በፖስታ የሚላከውን ብቻ ሳይሆን፥ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረገውንም ግንኙነት በዚያው ጥበቃ ሥር አኖረው።

እዚሁ ነቀምቴ፥ በኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት፥ ከአዲስ አበባ የመጡና ከዚህም የተላኩ ብዙ ደብዳቤዎች በማኅተም ታትመው ይቀመጡ ነበር፤ ላኪውና ተቀባዩ በሕይወት ሳሉ የሁለቱ ምሥጢር ነበሩ። ዘመኑ ካለፈ በኋላ ግን አሌሳንድሮ ትሪውልዚና ተሰማ ተዓ እ.ኤ.አ. በ2004 ለወለጋ ታሪክ የሚሆኑትን ሰነዶች ሰብስበው በማሳተማቸው፥ ለታሪክ ተማሪ ሁሉ የዕውቀት ምንጭ ሆነዋል። ከዚህ የምንማረው፥ ሕያው ሰው በሕያውነቱ የሚጠበቅለት ክብር እንዳለው፥ ታሪክ ደግሞ ከዘመን ብዛት የሁሉ ርስት እንደሚሆን ነው፤ ሁለቱም በየጊዜያቸው ተገቢ ናቸው።

በዚህ ቦታ አንድ ዘወትር የሚሰማ ቃል አለ፤ «እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም፥ ድሀ ሰው ምን ምሥጢር አለው» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ቅን ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን ምሥጢርን የበደለኛ መሸሸጊያ ብቻ አድርገው ማየታቸው ስሕተት ነው። የታመመች ሴት ሕመሟ በመንደር እንዳይወራ ትፈልጋለች፤ ቡናውን የሸጠ ገበሬ ምን ያህል ገንዘብ ይዞ እንደሚሄድ መንገደኛ ሁሉ እንዲያውቅ አይሻም፤ ልጁን ለመዳር የሚመካከር አባት ምክሩ ሳይጠና እንዲገለጥ አይፈቅድም። እነዚህ ሁሉ ደብቀው ያስቀመጡት በደል የላቸውም፤ የሚጠብቁት ክብራቸውን ነው። ድሀውም ከባለጸጋው ይልቅ ጥበቃ ያስፈልገዋል፤ ባለጸጋ የተሰረቀበትን መልሶ ያገኛል፥ ጠበቃም ያቆማል፤ ድሀ ግን የአንድ ወር ገቢው በአንድ የስልክ ጥሪ ከተወሰደበት የሚመልስለት የለም።

ሌሎች ሕዝቦች ይህን በምን መንገድ እንዳስከበሩ ማየት ይጠቅማል። የምዕራብ ጀርመን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1983 ሕዝቡን ሊቈጥር አስቦ ብዙ ጥያቄ ያለበት ቅጽ ባዘጋጀ ጊዜ፥ ሕዝቡ በየከተማው እየተሰበሰበ መከረ፥ ተቃወመም፤ ነገሩም ወደ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደርሶ፥ ፍርድ ቤቱ አስቀድሞ ቈጠራውን አስቁሞ፥ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር፥ እያንዳንዱ ሰው ስለ ራሱ የሚሰበሰበው መረጃ ለማን እንደሚሰጥና በምን እንደሚውል ራሱ የመወሰን መብት አለው ሲል ፈረደ፤ ከዚህም የተነሣ ሕጉ ታረመ። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1981 በበርሊን የተመሠረተው ካኦስ ኮምፒዩተር ክለብ የተባለ ማኅበር፥ እ.ኤ.አ. በ1984 የፖስታ ቤቱ አዲስ የመረጃ አገልግሎት ጉድለት እንዳለበት ለማሳየት፥ በአንድ የሐምቡርግ ባንክ ስም በአንድ ሌሊት ከመቶ ሠላሳ ሺሕ በላይ ማርክ ወደ ሒሳቡ እንዲተላለፍ ካደረገ በኋላ፥ በአደባባይ ገልጦ ገንዘቡን መለሰ። ሥራው ደፋር ነበር፤ ትምህርቱ ግን ይቆያል፤ የመሣሪያን ጉድለት ለሕዝብ መግለጥና የሰውን ገንዘብና ገመና አለመንካት አብረው ይሄዳሉ። ያ ማኅበር እስከ ዛሬ ድረስ በየዓመቱ መጨረሻ ታላቅ ጉባኤ ያደርጋል።

መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ

የወለጋ ሕዝብ ዕውቀትና ግንኙነት ሲዘጉ የሚሆነውን በንባብ ብቻ አይደለም የሚያውቀው። በ2012 ዓ.ም. በገና ሰሞን በቄለም ወለጋ፥ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ መንግሥት የስልክና የኢንተርኔት መስመርን አቋረጠ፤ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት ተዘግቶ ስልክ በዋና ዋና ከተሞች ብቻ ይሠራ ነበር፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት በዚያው ወቅት ይህን መዝግቦ አውጥቶታል። ነገሩ ሦስት ወር ያህል ቆየ፤ በመካከሉም መጋቢት 4 ቀን በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ታወቀ። ዓለም ሁሉ ስለ እጅ መታጠብና ስለ መራራቅ በስልኩ በሚነጋገርበት በዚያ ሰሞን፥ የደምቢ ዶሎ እናት አዲስ አበባ ያለውን የልጇን ድምፅ መስማት አትችልም ነበር፤ ነጋዴው የቡናን ዋጋ፥ ተማሪው የትምህርቱን ወሬ የሚያገኘው መንገደኛ ሲመጣ ብቻ ነበር።

በዚያ ዘመን የተገለጠልን አንድ እውነት አለ። ዕውቀትን የምናገኘው በአንድ መስመር ብቻ ከሆነ፥ መስመሩ ሲቋረጥ ዕውቀታችንም ይቋረጣል፤ በየከተማው ተከማችቶ፥ በሰው መካከል ተካፍሎ የተቀመጠ ዕውቀት ግን ማንም ሊዘጋው አይችልም። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው ኪዊክስ የተባለ ነጻ ፕሮግራም፥ ውክፔዲያን በፍላሽ ወይም በሚሞሪ ካርድ ላይ አኑሮ፥ ያለ ኢንተርኔት እንዲነበብ ያደርጋል፤ አንድ ትምህርት ቤት አንድ ጊዜ ካገኘው ተማሪው ሁሉ እየገለበጠ ይወስደዋል። ይህ ውድ ነገር አይደለም፤ የሚያስፈልገው የሚያስተምር ሰውና የሚሰበሰብ ጉባኤ ነው።

የዕለት ተዕለት ፈተና

የትልቁን ነገር ተናግሬ ትንሹን ብተው፥ ንግግሬ ለናንተ ብዙ አይጠቅምም። ምሥጢራችን የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በታላቅ ስለላ ሳይሆን በዕለት ሥራችን ነው። ስልኩ የተሰበረበት ሰው ለስልክ ጠጋኙ ሲሰጥ የመክፈቻውን ቁጥር አብሮ ይነግረዋል፤ ፎቶዎቹና መልእክቶቹም ከባለቤቱ ጋር ሳይሄዱ ሦስት ቀን በሱቁ መስኮት ላይ ያድራሉ። በፎቶ ኮፒ ቤት የመታወቂያው ግልባጭ ተበላሽቶ በቅርጫት ይጣላል። በኢንተርኔት ቤት ቅጽ የሞላ ተማሪ የኢሜይል መግቢያውን ሳይዘጋ ይወጣል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር ገንዘብ መላክና መቀበል ከተለመደ ወዲህ ደግሞ፥ «ከቴሌ ነው የምደውለው፥ ሽልማት ደርሶዎታል፥ አሁን በመልእክት የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» እያለ የሚያታልል ሰው በዝቷል። ያን ቁጥር ወይም የምሥጢር ቁጥሩን የነገረ ሰው፥ መክፈቻውን ከመቀነቱ ፈትቶ ለሌባ እንደ ሰጠ ይቈጠራል፤ እውነተኛ ድርጅት ይህን ቁጥር በስልክ አይጠይቅም።

ስለ መልእክትም እንዲሁ ማወቅ ይገባል። በቴሌግራም የምንጻጻፈው ተራ መልእክትና በቡድን የምንነጋገረው ሁሉ በኩባንያው ማከማቻ ላይ የሚቀመጥ ነው፤ ከላኪው እስከ ተቀባዩ ብቻ ተቈልፎ የሚጓዘው ሲክሬት ቻት የተባለው ብቻ ነው፥ እርሱም ባለቤቱ አስቦ ካልከፈተው አይከፈትም። ዋትሳፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መልእክቱን ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቈልፋል፤ የሚጠቀምበትም የመቈለፊያ ሥርዐት ሲግናል የተባለው የመልእክት ፕሮግራም መሥራቾች ያወጡት፥ አሠራሩ ለሊቃውንት ሁሉ የተገለጠ ሥርዐት ነው። እነሆ፥ የከርክሆፍስ ትምህርት በእጃችን ላይ ይሠራል።

ሕጉም ቢሆን አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321፥ የሰው መረጃ ለታወቀና ለተወሰነ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ፥ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይወሰድ፥ ባለመረጃውም ስለ እርሱ የተያዘውን የማወቅና ስሕተት ካለበት የማሳረም መብት እንዲኖረው ደንግጎ፥ ተቈጣጣሪነቱን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። ነገር ግን በአዲስ አበባ የታወጀ መብት የነጆ ባለሱቅና የመንዲ ተማሪ ካላወቁት፥ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ሕግን የሚያስነሣው የሚጠይቅ ሰው ነው፤ ሰውም የሚጠይቀው መብቱን ካወቀ በኋላ ነው።

ጉባኤው እንዴት ይቁም

ስለዚህ አሳብ አቀርባለሁ። በነቀምቴ፥ ቀጥሎም በጊምቢ፥ በነጆ፥ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ፥ በየወሩ አንድ ቀን ሕዝብ የሚሰበሰብበት የቴክኖሎጂ ጉባኤ ይቁም። ኅዳር 2015 ዓ.ም. የዓለም የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ በአዲስ አበባ ተደርጓል፤ እንዲህ ያለው ታላቅ ጉባኤ መልካም ነው፥ ነገር ግን የስልክ ጠጋኙና የገበያዋ ሴት በዚያ አይገኙም፤ እነርሱ የሚገኙበት ትንሹ ጉባኤ በየከተማው ያስፈልጋል። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በነቀምቴ የሚያስተምረው፥ በጊምቢና በሻምቡም ቅርንጫፍ ያለው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ መምህራኑንና ተማሪዎቹን ቢልክ፥ ዕድሩ አዳራሹን ቢሰጥ፥ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ለሕዝባቸው ቢያስታውቁ፥ ከዚህ በላይ የሚያስፈልግ በጀት ብዙ አይደለም።

ጉባኤው የሚጠብቃቸው ሥርዐቶች ይኑሩት። ቋንቋው በመጀመሪያ አፋን ኦሮሞ ይሁን፥ አማርኛ የሚሰማም ትርጓሜ አይጣበት፤ እኔ ዛሬ በአማርኛ መናገሬ የአብዛኛው አድማጭ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሌላ መሆኑን ዘንግቼ አይደለምና፥ ይህ ንግግር ተተርጉሞ ቢነበብ ደስታዬ ነው። አስተማሪው የማንንም ስልክ በእጁ አይያዝ፤ ባለቤቱ ራሱ እየነካ፥ ራሱ እየተሳሳተ ይማር። የተሰብሳቢው ስምና ስልክ ቁጥር ያለ በቂ ምክንያት አይመዝገብ፥ ፎቶግራፍም ያለ ፈቃድ አይነሣ፤ ስለ ምሥጢር የሚያስተምር ጉባኤ በራሱ የሰውን ምሥጢር ከበተነ ትምህርቱ ከንቱ ነው። እናቶች የሚመቻቸው ሰዓት ይመረጥ፤ ለአዛውንት የሚናገር ወጣት ቀስ ብሎ፥ በአክብሮትና በትዕግሥት ይናገር።

የትምህርቱም ክፍል ሁለት ይሁን። በመጀመሪያው ሰዓት የሚገለጠው ይማር፤ ነጻ ፕሮግራም እንዴት እንደሚገኝ፥ መጽሐፍ እንዴት እንደሚካፈሉ፥ የከተማቸውን ታሪክ በውክፔዲያ እንዴት እንደሚጽፉ፥ የሽማግሌዎችን ተረትና ምሳሌ በፈቃዳቸው እንዴት ቀርጸው እንደሚያኖሩ። በሁለተኛው ሰዓት የሚሰወረው ይማር፤ የይለፍ ቃል አመራረጥ፥ የምሥጢር ቁጥር አጠባበቅ፥ የመልእክት አቈላለፍ፥ መረጃ ሲጠየቁ «ለምን ይፈልጉታል፥ ማንስ ያየዋል?» ብሎ በጨዋነት የመጠየቅ ልማድ። ሁለቱ በአንድ ቀን ቢሰጡ፥ ሕዝቡ አንዱን ከሌላው መለየት ይማራል፤ መለየት መቻሉም ከሁሉ የሚበልጥ ዕውቀት ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ አናሲሞስና አስቴር የጀመሩት ሥራ በጥቂት ሰዎች፥ በአነስተኛ ማተሚያ፥ በብዙ መከልከል መካከል ተሠርቶ፥ ከመቶ ዓመት በኋላ ፍሬው በእጃችን ነው። እኛ ከእነርሱ የበለጠ መሣሪያ አለን፤ የጎደለን መሰብሰቡ ነው። በየሰፈራችሁ ሽማግሌዎችንና መምህራንን አነጋግሩ፥ የሚመጣው ወር ሳያልቅ አንድ ቀን ቁረጡ፥ አንድ አዳራሽ ምረጡ፤ በዚያም ቀን «ይህ ስልክ ስለ እኔ ምን ያውቃል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲነሣ፥ ማንም ሳይስቅበት ሙሉ መልስ ስጡት።